ያልተረጨችው ጥግ

እኔ እንኳ ጎጃሜ ነኝ፤ ሰቆጣ ዙሪያ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። አንድ ጠዋት የአረም መድኃኒት መርጫዬን አዝዬ ወደ እማማ ብርሃን የጤፍ ማሳ ወረድኩ። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ ለማረም ጉልበት ቢያንሳቸው መድኃኒቱን የጠየቁኝ ራሳቸው ነበሩ። ረጭቼ ረጭቼ አንዲት ጥግ ላይ ስደርስ ግን መጥተው ከፊቴ ቆሙ። «እዚች ላይ ይብቃህ፣ ልጄ።» «እማማ፣ አረሙ የባሰው እኮ እዚህ ነው!» አልኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር በሽቄ ነበር። ጎንበስ ብለው አንድ ሰፊ ቅጠል ቀነጠሱና እጄ ላይ አኖሩልኝ። «በዚያ በክፉው ዓመት ልጆቼን ያተረፈልኝ ይሄ ነው። በጨው ቀቅለን በላነው፤ ጨው ሲያልቅም እንዲሁ በላነው። ዛሬ ጠገብኩ ብዬ መርዝ ላጠጣው?» «ጤፉን ይሻማብዎታል እኮ!» «ይሻማ! ኖኅ መርከቡ ውስጥ ያስገባው በሬና በግ ብቻ ነው እንዴ? እግዜር ለምን እንዳቆየው እሱ ያውቃል።»

መርጫዬን አውርጄ ከጎናቸው ቁጭ አልኩ።

ቢሮ ስመለስ ሪፖርቱ ላይ «ያልተረጨበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ብዙ አሰብኩና «የክፉ ቀን ስንቅ ስለሆነ» ብዬ ሞላሁት። ኃላፊዬ የዚሁ አገር ልጅ ነው። አሁን ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ሁለት ጊዜ አነበበና ፈረመበት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ቅጠሉ ዘንድሮ በደንብ ወጥቷል?»