የፌርኩ ዳክዬ

(በጥንቱ የሞቼዎች ዘመን፣ በፔሩ የባሕር ዳርቻ። ሸክላ ሠሪዋ ሲያኒ እና ወታደሩ ታናሽ ወንድሟ ፌርኩ፣ ለእጮኛው ለማልኬ ቤተሰብ በሚሰጠው አዲስ ገንቦ ላይ ይከራከራሉ።)

ፌርኩ፦ ዳክዬ! እታለም፣ ዳክዬ ነው እኮ የሠራሽው!

ሲያኒ፦ ዓይንህ ደህና ነው ማለት ነው።

ፌርኩ፦ ጃጓር ነበር ያልኩሽ። ጥርሱን ያገጠጠ ጃጓር! የማልኬ አባት የጦር አለቃ ነው። ዛሬ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ይሄን ፊቱ ላስቀምጥ?

ሲያኒ፦ ጠጋ ብለህ እየው። የራስ ቁር ደፍቷል፣ ጋሻ አንግቧል፣ ዱላ ይዟል።

ፌርኩ፦ ዱላ የያዘ ዳክዬም ያው ዳክዬ ነው!

ሲያኒ፦ ዳክዬ በእግሩ ይሄዳል፣ ይዋኛል፣ ይበርራል። ጃጓርህ ሲበርር አይተህ ታውቃለህ?

ፌርኩ፦ እሺ፣ ጃጓሩ ይቅር። ጉጉት አድርጊልኝ።

ሲያኒ፦ ጉጉት የምንሠራው ምርኮኛ ለሚሠዋበት ዕለት ነው። ልታገባ ነው ወይስ ልታርዳቸው?

ፌርኩ፦ አጋዘንስ? ቀንዱ ያምራል።

ሲያኒ፦ አጋዘን እኛ ጋ ተማርኮ፣ አንገቱ ላይ ገመድ ገብቶ ነው የሚሣለው። ገና ሳታገባ እጅህን ልትሰጥ?

ፌርኩ፦ አትቀልጂብኝ! ጓደኞቼ እስካረጅ ድረስ “ዳክዬ” እያሉ ነው የሚጠሩኝ። አፍርሺና እንደገና ሥሪው።

ሲያኒ፦ ተተኩሶ አልቋል እኮ፣ ምኑን ላፍርሰው? ደግሞም እኔ አልመረጥኩትም።

ፌርኩ፦ ታዲያ ማን መረጠው?

ሲያኒ፦ ማልኬ።

ፌርኩ፦ ማልኬ? እዚህ መጥታ?

ሲያኒ፦ የዛሬ ሳምንት። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር፤ እኔ የጃጓርህን ጆሮ እያበጀሁ ነበር። ስታየው በሳቅ ፈረሰች።

ፌርኩ፦ ምን ብላ?

ሲያኒ፦ “ወንዙ ሞልቶ ቤታችንን ሲከበው እኔና እናቴ ጣራ ላይ ነበርን። የጃጓር ቆዳ የደረቡት ወታደሮች በሙሉ ዳር ቆመው ይጮሁ ነበር። ዘሎ የገባው ፌርኩ ብቻ ነው” አለች። “ሲዋኝ ግን አያምርም፤ እንደ ዳክዬ ነው የሚንቦጫረቀው” ብላ ደግሞ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች።

ፌርኩ፦ አለቀሰች?

ሲያኒ፦ ጃጓሩን በገዛ እጇ ጨፈለቀችውና “ያን ቀን ያየሁትን ሰው ሥሪልኝ” አለችኝ። እንግዲህ ካሳፈረህ እዚሁ ተወው።

ፌርኩ፦ እታለም... ወፍራም ጨርቅ ፈልጊልኝ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ እንዳይሰበርብኝ።