ፈቃድ ወጥተው የማያውቁት ገንዘብ ያዥ

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ አባ ካዝና ከሟች ባልንጀራቸው ልጅ ጋር በጫማ ቤቱ በረንዳ ሥር ባልተገናኙ ነበር። አባ ካዝና የሚሏቸው የባንኩን ዋና ገንዘብ ያዥ ነው፤ ከጎልማሳነት እስከ ሽበት ካዝናውን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸውና። ልጅቱ ደግሞ ተምራ የዚያው ባንክ ተቆጣጣሪ ሆናለች። ዝናብ ሹመት አያውቅምና ጎን ለጎን አቆማቸው።

«ጋሼ፣ ፊትዎ ጠቁሯል። አመመዎት እንዴ?»

«ያመመኝስ የእናንተ መመሪያ ነው! ሁለት ሳምንት ሳታቆራርጥ ፈቃድ ውጣ፣ ቁልፉን ለሌላ ስጥ፣ በዚያ ሰሞን ሥራህን እንዳትነካ! ይኼ ‘ሌባ ነህ’ ማለት አይደለም? እንዲህ ከምባል ነገ ሥራዬን እለቃለሁ።»

«መመሪያው ለእርስዎ ብቻ የወጣ አይደለም እኮ። ሥራ አስኪያጁም ይወጣሉ፤ እኔም እወጣለሁ።»

«ሥራ አስኪያጁ ይውጡ! እሳቸው ቢቀሩ የሚጎድለው ወንበር ነው። የካዝናው በር ግን ከእኔ በቀር ለማን ይከፈታል? ቁልፉን አዙረሽ፣ እጀታውን ወደ ላይ ይዘሽ፣ ታችኛውን ጥግ እግርሽን አጥፈሽ በጉልበትሽ ካልገፋሽው ንቅንቅ አይልም። ትኩሳት ይዞኝ እንኳ ጋቢዬን ተከናንቤ ከፍቼዋለሁ፤ አባትሽ ደግፎኝ!»

ይህን ሲሉ ያ ዘመን መጣባቸው። የነሐሱ ፍርግርግ መስኮት፣ የማኅተም ቀለም ሽታ፣ አባቷ ከጎናቸው ተቀምጦ በጥርሱ የሚያፏጨው ዜማ፣ ደንበኛው ሁሉ የልጆቻቸውን ደኅንነት እየጠየቀ የሚያልፍበት ጠዋት። እንዴት ደስ ይል ነበር! ናፍቆት ግን መልካም ጓደኛ እንጂ መልካም ዳኛ አይደለም።

«አባቴን ካነሱ አይቀር ልጠይቅዎ» አለች። «ገንዘብ አጎደልክ ተብሎ በተባረረ ጊዜ ማን መሰከረለት?»

ባልንጀራቸው ገንዘቡን እንዳልነካ ልባቸው ያውቅ ነበር፤ ልብ ግን ማስረጃ አይሆንም። ሰውየው አንድም ቀን ከመስኮቱ ተለይቶ ስለማያውቅ፣ ተክቶት ሠርቶ «ሥራው ንጹሕ ነው» የሚል ሰው ጠፋ። የሒሳቡ ስሕተት የዋናው መሥሪያ ቤት መሆኑ የታወቀው እሱ ስሙ እንደጎደፈ ከሞተ በኋላ ነው።

«ሌላ ሰው ሁለት ሳምንት በወንበሩ ተቀምጦ ቢሆን ስሕተቱ ያኔውኑ ይገኝ ነበር» አለች ልጅቱ። «ሌባ አንድ ቀን ቢቀር ያጎደለውን ይሸፋፍናል፤ መቅረቱ ሲረዝምበት ግን ጉዱ ይወጣል። ለታማኙ ደግሞ ያው ፈቃድ ይመሰክርለታል። እርስዎን ሌባ ለማለት አይደለም ጋሼ፤ ማንም እንዳይልዎት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን የሰማሁት ከእርስዎ አይደል?»

«በገዛ ተረቴ ረታሽኝ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አባትሽም ክርክር ላይ እንዲሁ ነበር።»

ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

በማግስቱ አባ ካዝና ሥራ አልለቀቁም። ተተኪዋን ገንዘብ ያዥ በሩ ፊት አቁመው «ያዢ፤ ከፍ አድርጊ፤ አሁን በጉልበት!» እያሉ አስተማሯት።

ፈቃዳቸው የጀመረ ዕለት ግን እግራቸው እንደለመደው ወሰዳቸው። ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሲያዩ ባንኩ በሰዓቱ ተከፈተ፤ ደንበኛው ገባ፤ እሳቸውን ፍለጋ የወጣ አልነበረም። ትንሽ ከፋቸው፤ ለምን ይዋሻል? ቀጥሎ ግን ትከሻቸው ቀለላቸው። ሥራ በአንድ ሰው ትንፋሽ ካልተንጠለጠለ ስሕተት ሳይከርም ይገኛል፤ ታማኝ ሰው ምስክር ያገኛል፤ ሠራተኛውም ዐርፎ ወደ ራሱ ይመለሳል። ባልንጀራቸው ይህን ሳያይ መሞቱ ቆጫቸው።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ከደጅ ተቀበሏቸው።

«ታነክሳለህ እኮ! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አባ ካዝና ጎንበስ ብለው ካዝናውን ሲገፉበት የኖሩትን ጉልበት ዳሰሱት።

«እንጃ» አሉ። «ለካ ያመኝ ኖሯል።»