ቲዩብለስ ጎማ ውስጥ የገባው ካላማዳሪ

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለቱ አይተዋወቁም። አንደኛው ፒካፕ ያላቸው ጎልማሳ ናቸው፤ ሌላው ወጣት ጎሚስታ ነው።

«ቲዩብለሱ አየር አልይዝ ሲለኝ ካላማዳሪ ከትቼበት ተገላገልኩ» አሉ ባለመኪናው።

«ተበስቶ ነበር፣ ጋሼ?»

«ሦስት ቦታ። በላስቲክ ተወትፏል።»

«ወደ ውስጥ የገባውን የላስቲክ ጫፍ አስቆርጠውታል?»

«ማን ሊያየው ብዬ?»

«ካላማዳሪው ነዋ! ሲሞቅ እየፈተገ ይበሳዋል። ቲዩብለስ ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው፤ ካላማዳሪ ግን በአንዴ ነው ባዶ የሚቀረው።»

«አታሟርት፣ አንተ ልጅ።»

«መኪናው አሁን የት ነው?»

«ኦቾሎ ተራራ ላይ፣ ሰርግ ሄዶ። ሾፌሩ ሙሽሮቹን ይዞ ቁልቁለቱን ሊወርድ ነው።»

«ለሾፌሩ ነግረውታል?»

«ብነግረው መቼ ይሄድልኛል!»

«እንዴ ጋሼ! ጎማው የሚታመን ከሆነ ታዲያ እርስዎ ለምን በታክሲ ይሄዳሉ? ይደውሉለት እንጂ።»

«እዚያ ኔትወርክ የለም።»

«ሞክረው ነው?»

ሰውየው ስልካቸውን አውጥተው በመዳፋቸው ያገላብጡት ጀመር።

እኔም መውረጃዬን አልፌ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እስኪያደርጉ ድረስ ማጅራታቸውን እያየሁ ተቀመጥኩ።