ጀርባው ላይ የተጻፈው

እኔ ታክሲ ውስጥ ወሬ አላበዛም፤ የዚያን ቀን ግን እንዲያው አንድ ነገር መጠየቄ በጀ። ከቀራንዮ ወደ ኮልፌ ስንወርድ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ። ከፊታችን አንድ ሰው ሳይክል ይነዳል። ሹፌሩ ክላክሱን ቢያንባርቀውም ሰውዬው ንቅንቅ አላለም። «ይሄ ደንቆሮ! አጠገቡ ስደርስ በግዱ ዳር ይይዛል» ብሎ ነዳጁን ረገጠው። የእኔ ዓይን ግን የሰውዬው ሰደርያ ላይ የተጻፈው ነጭ ጽሑፍ ላይ ቀርቷል። መቼም ፊደል አልቆጠርኩም።

«ልጄ፣ ጀርባው ላይ ምን ይላል?» አልኩት።

«ማስታወቂያ ይሆናላ አባባ» አለና እየተነጫነጨ ማንበብ ጀመረ። «መስማት አልችልም፤ እባካችሁ ራቅ ብላችሁ...» አልጨረሰውም። ፍሬኑን ሲረግጠው ጎማው ጮኸ፣ ከኋላ ያሉት ተንጫጩ፣ የእኔም ግንባር ከመስታወቱ ተላተመ። ከሳይክሉ ጎማ ጋር ለመጋጨት አንድ ክንድ አልቀረንም።

«ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ረዳቱ ጮኸበት።

ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ፣ «ደንቆሮ ብዬው እኮ ነበር» አለ፣ ወደ እኔ ዞሮ። ሰውዬው ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት አንዱም ሳይደርሰው፣ ዞር ብሎም ሳያየን፣ ፔዳሉን እየረገጠ ቁልቁል ወረደ።