በኩሽና የሚሰማው ንባብ

ሰው የናፈቀውን ሲጠብቅ የፈራው ይመጣበታል። በሀርጌሳ የኢትዮጵያውያን ልጆች የሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ኪዳናዊት፣ አየር ማረፊያው በር ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ መጻሕፍት ተቀብላ ታክሲ ስትጠብቅ፣ ከፊቷ የቆመው የጋሽ ገመቹ ከባድ መኪና ነበር።

ጋሽ ገመቹ የበርበራ መስመር ሾፌር፣ የሦስተኛ ክፍሏ የሂባ አባት፣ የወላጆች ኮሚቴም ሰብሳቢ ናቸው። ኪዳናዊት ልጆች ሲያነቡ እየቀረፀች በዩቲዩብ የምትጭናቸው ቪዲዮዎች ይቀጥሉ ወይስ ይጥፉ የሚለውን ኮሚቴው በማግስቱ ሊወስን ነው። ጋሽ ገመቹ «ይጥፉ» ባይ መሆናቸውን ያልሰማ አልነበረም።

«ምን ተሸክመሻል?»

«መጻሕፍት ነው ጋሼ። ሃያ ተብሎ ስድስት መጣ።»

«ስድስትም መጽሐፍ ነው። ነይ ውጪ፤ በመሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ በትምህርት ቤቱ በኩል ነው የማልፈው።»

ካርቶኑን ተቀብለው ጋቢና አስገቧት። ጥቂት እንደሄዱ ጋሽ ገመቹ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ቅር አይበልሽና፣ አንቺ የመጻሕፍት ጠባቂ ነሽ ወይስ የፊልም ነጋዴ?»

«ጠባቂነቱ ነው የሰለቸኝ። ለዘጠና ልጅ አንድ መደርደሪያ መጽሐፍ አለን። እንዳይጠፋ ብለን አናውስም። ልጆቹ ደግሞ ደወል ሲደወል ወደየቤታቸው ይሮጣሉ። ታዲያ መጽሐፉን ማን ያንብበው? አቧራው?»

«አቧራ የሰው እንጀራ አይዘጋም! የወለተጊዮርጊስን ነገር ረሳሽው?»

ኪዳናዊት አልረሳችውም። ወለተጊዮርጊስ ጋአን ሊባህ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ አዳሪ ሠራተኛ ናት። ስትቀጠር ልጅ የለኝም ብላለች፤ ልጅ ያላትን አዳሪ ማን ይቀጥራል? ልጇን ሔመንን አክስቷ ዘንድ ትታ የምታያት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ኪዳናዊት የመጀመሪያውን ቪዲዮ ስትጭን፣ ወላጆች ደስ ይላቸዋል ብላ የልጆቹን ፊት ከነስማቸው ለዓለም ሁሉ ክፍት አደረገችው። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞሮ የቤቱ እመቤት ዴቆ እጅ ገባ። «ይቺ ልጅ ቁርጥ አንቺን!» ብትላት፣ ወለተጊዮርጊስ «የእህቴ ልጅ ናት» ብላ አመለጠች። በገዛ አፏ ልጇን ካደች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ኪዳናዊት። «እንደሰማሁ አነሣሁት። ሄጄም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።»

«ታዲያ ከዚያ ወዲያ ምን ቀረሽ? ያለነው በሰው አገር ነው። በሰው አገር ድምፅን ዝቅ አድርጎ ነው የሚኖረው።»

«እኔም ልተወው ነበር። ግን ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ለምን አጠፋሽው?› አለችኝ። ዕቃ ስታጥብ በጆሮ ማዳመጫ ትሰማው ኖሯል። ‹ፊቷን ደብቂልኝ፤ ድምፅዋን ግን አትውሰጂብኝ› ብላ አለቀሰች።»

ጋሽ ገመቹ ማርሽ ቀነሱ፤ መንገዱ ግን ሜዳ ነበር።

«አሁን ፊት የለም፤ ስምም የለም» ስትል ቀጠለች። «የሚታየው ገጹና ፊደሉን የሚከተለው ጣት ብቻ ነው። አድራሻው የሚላከው ፈቅደው ለፈረሙ ወላጆች ነው፤ ሌላ ሰው ፈልጎ አያገኘውም።»

«የተላከለት ሰው ለሌላ ቢልከውስ?»

«ሊልከው ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ግን ጣት አይቶ የማን ልጅ ናት የሚል የለም።»

«እሺ፣ ቪዲዮ የለመደ ልጅ መልሶ መጽሐፍ ያነሣል?»

«ያነሣል እንጂ! ለመቀረፅ ሲል እኮ አሥር ጊዜ ይለማመዳል። ሂባ ባለፈው ሳምንት እንዴት እንዳነበበች ቢያዩ!»

«የኛ ሂባ? እኔ ሳላውቅ?»

«እናቷ ፈርመዋል። እርስዎ በርበራ ነበሩ።»

ኪዳናዊት ይህን ያለችው ልትወቅሳቸው አልነበረም። ሰውየው ግን መኪናውን ዳር አስይዘው ሞተሩን አጠፉ።

«ክፈቺው።»

በስልኩ ላይ ትንሽ ጣት ከፊደል ፊደል ተራመደ። ሂባ ዝናብ ስለምትጠብቅ ኤሊ ታነባለች። አንድ ረጅም ቃል ላይ ጣቱ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ቃሉን ቆራርሳ አነበበችው። የጋሽ ገመቹ ከንፈር አብሯት ይንቀሳቀስ ነበር።

«ጣቷ ላይ ያለው ፕላስተር ምንድን ነው?»

«በር ቆንጥጧት ነው። አሁን ድኗል።»

«አልነገሩኝም» አሉ። «ስመጣ ተኝታለች፤ ስወጣም ተኝታለች። ወላሂ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታነብ ሰምቻት አላውቅም። እስቲ ከመጀመሪያው።»

በማግስቱ ስብሰባውን የከፈቱት፣ «እኔ ልጄ አንባቢ መሆኗን ያወቅሁት መንገድ ዳር ቆሜ ነው» ብለው ነው። የልጅ ፊት እንዳይታይ፣ ያለ ወላጅ ፊርማ አንድም ልጅ እንዳይቀረፅ ካስወሰኑ በኋላ ቪዲዮው እንዲቀጥል እጃቸውን ቀድመው አወጡ። ከዚያ ወዲህ ከመደርደሪያ የማይወርደው መጽሐፍ በአንድ ቀን አርባ ቤት ይገባል። ሾፌሮች ቶጎ ውጫሌ ኬላ ላይ ተራ ሲጠብቁ የልጆቻቸውን ንባብ ይሰማሉ። ቪዲዮውን ያየ ልጅም መጽሐፉን በእጁ ሊይዘው ስለሚፈልግ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በዕረፍት ሰዓት መቆሚያ ጠፋበት። ጥንቃቄ ያልተለየው አዲስ ነገር የቀድሞውን አያጠፋም፤ እግር ይሆነዋል እንጂ።

አንድ ዓርብ ወለተጊዮርጊስ ልጇን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጣች። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም፤ ማታ ማታ ግን ቪዲዮውን እያየች ፊደል ትቆጥር ነበር። የኤሊዋን መጽሐፍ ራሷ ገለጠችና የመጀመሪያውን መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ ሦስት ቃል ድረስ አነበበች። አራተኛው ላይ ቆማ ሳቀች።

«ቀስ እያልሽ አንብቢልኝ፣ የኔ እመቤት» አለቻት ሔመንን። «ጣትሽ ይቀድመኛል።»

ሔመን በሳምንቱ ስትቀረፅ፣ አራት ደቂቃ የሚፈጀውን ተረት በአሥራ አንድ ደቂቃ አነበበችው። ኪዳናዊትም ፍጠኚ አላለቻትም።