የአስር ሰዓት ርክክብ

የምግብ ቤቱ ባለቤት ክሊኒክ የሄዱት ለቁስላቸው እንጂ ምክር ፈልገው አልነበረም። ቀኝ እጃቸው ከትናንት በስቲያ ጠዋት በፈላ ውሃ ተቃጥሎ በፋሻ ተጠቅልሏል። ፋሻው እስኪቀየርላቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ስምንት ሰዓት ሆነና የጠዋቶቹ ነርሶች ለከሰዓቶቹ ማስረከብ ጀመሩ። በተከፈተው በር ያዩት ነገር ገረማቸው። ወጪዋና ገቢዋ ነርስ ቢሮ ገብተው አላወሩም። ከአልጋ አልጋ አብረው ይዞራሉ፤ ወጪዋ በጣቷ እያሳየች ትናገራለች፣ ገቢዋ ያንኑ በራሷ አፍ ትደግማለች።

ገቢዋ ነርስ ዙሩን ስትጨርስ አዲስ ፋሻ ይዛ መጣች። ቀና ብለው ሲያዩዋት የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊው ልጅ ናት።

“አንቺ ነሽ እንዴ? መቼ ነው እንዲህ ያደግሽው?”

“የእርስዎን ምሳ ስጠብቅ ነዋ ጋሼ።”

ሳቁ፤ ግን ነገሩ ጠቅ አደረጋቸው። ምሳቸው እንደሚዘገይ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው።

“እጅዎ እንዴት ተቃጠለ?” አለች አሮጌውን ፋሻ ቀስ ብላ እየፈታች።

“ሥጋው ድንጋይ ሆኖ አደረብን። ከዋዜማው ከበረዶው ሳጥን ወጥቶ ወደ ማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ መውረድ ነበረበት። የጠዋቶቹ ‘የማታዎቹ ያወርዱታል’ ይላሉ፤ የማታዎቹ ደግሞ ‘የጠዋቶቹ አውርደውታል’ ይላሉ። ምሳ ሊደርስ ሲል እኔው የፈላ ውሃ ላፈስበት ስል በእጄ ላይ ፈሰሰ።”

“አልነገሯቸውም?”

“ስንት ጊዜ! ስብሰባ ጠርቻለሁ፣ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። አሁን ዘጠኝ ወረቀት አለ፤ ዘጠኙም ‘ከዛሬ ጀምሮ’ ብሎ ነው የሚጀምረው። አጨብጭበው ይወጣሉ፤ በማግስቱ እዚያው ነን።”

ሠራተኞቹ በሌሉበት “ጋሼ ዕቅድ” እያሉ እንደሚጠሯቸው ያውቃሉ። ይህንን ግን ዋጡት። የከበዳቸውን ሌላውን ጉዳይ ተናገሩ።

“አስራ አራት ዓመት አብራኝ የሠራች ሼፍ አለችኝ። ምሳ በዘገየ ቁጥር የምትሰደበው እሷ ናት። ወሩ ሲያልቅ እሄዳለሁ ብላኛለች። እሷ ከሄደች ልጄ፣ እኔ የባዶ ቤት ቁልፍ ያዥ ነኝ።”

ነርሷ ቁስሉን ማጠብ ጀመረች።

“ሥጋውን እንዲያወርድ የነገሩት ለማን ነው?”

“ለሁሉም።”

“ለሁሉም ማለት ለማን?”

“ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ናቸው እኮ። አንተ አድርግ፣ አንቺ አድርጊ፣ ደግሞ አደረጋችሁ ወይ እያልኩ ብከተላቸው አላምናችሁም ማለቴ ነው። እኔ ሰው ማዋረድ አልወድም።”

ባለቤቱ ይህን ያሉት ከልባቸው ነው። ብዙ ደግ አለቃ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ሰውን ላለማስቀየም ብሎ ሥራውን ለሁሉም ይተወዋል፤ ለሁሉም የተተወ ሥራ ደግሞ በማንም እጅ ሳይገባ ያድራል። ክብር መስጠት መልካም ነው። ግን የክብሩን ዋጋ የሚከፍል ሌላ ሰው ካለ፣ ለምሳሌ በደንበኛ የምትሰደብ ሼፍ ካለች፣ ነገሩን እንደገና ማሰብ ያስፈልጋል።

“ቅድም ያስረከበችኝን ነርስ አይተዋታል?” አለች ልጅቷ። “ሰርጌ ላይ ሚዜዬ ነበረች። የቤቴን ቁልፍ ሰጥቻት አገር ቤት እሄዳለሁ። መድኃኒት ስታስረክበኝ ግን ሳታስደግመኝ አትወጣም። ስለማታምነኝ አይደለም። እሷ ቆማ ውላ ደክሟታል፤ እኔ ደግሞ የቤቴን ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። በሁለታችን መሀል የሚወድቀው በሽተኛው ነው።”

“እኛ ቤት ግን የሚወድቅ በሽተኛ የለም።”

“ታዲያ ይቺ እጅ የማን ናት?”

ባለቤቱ እጃቸውን አዩ።

“ምን አድርግ ትይኛለሽ?” አሉ በመጨረሻ።

“ስምንቱን ወረቀት ይንቀሉና አንዱን ይያዙ። የሚሠራው ሰው ይታወቅ፣ ሰዓቱም ይታወቅ። ፈረቃ ሲቀየር ስብሰባ ሳይሆን ሠራተኞቹ ማቀዝቀዣው ፊት ቆመው ይረካከቡ። ደግሞ ጋሼ፣ ሳይሠራ ቢያዩት እርስዎ አይሥሩት።”

“ቆሜ ልየው?”

“ባለሥራውን ይጥሩት። እርስዎ በሠሩት ቁጥር ሥራው የእርስዎ እየሆነ ይሄዳል።”

በማግስቱ ግድግዳው ላይ አንድ አዲስ ወረቀት ብቻ ነበር። “አስር ሰዓት ላይ፣ ማቀዝቀዣው ፊት፣ ሼፏ ለማታው አብሳይ የነገውን ሥጋ አውርዳ ታስረክባለች” ይላል።

ሼፏ ወገቧን ይዛ አነበበችው። “አስረኛው መሆኑ ነው?”

“ብቸኛው ነው። የቀሩትን ቀድጃቸዋለሁ።”

“የእኔን መሄድ ግን አልቀደዱትም” አለችና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

የማታው አብሳይ፣ ቀጭኑ የሚሉት ጎልማሳ፣ በርክክቡ ድገመው ሲባል ሳቀ። “ሥጋውን እንደ ትምህርት ቤት በቃሌ ልወጣው?” ቢሆንም ደገመው፦ “ለነገ ሁለት ትሪ ሥጋ ወርዷል፤ ዛሬ ማታ አይነካም።” ሁለት ቀን እንዲህ በቀልድ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። አስር ሰዓት አለፈ፤ ባለቤቱ ማቀዝቀዣውን ቢከፍቱ ታችኛው መደርደሪያ ባዶ ነው። ሼፏ ካፖርቷን ለብሳ ወጥታለች። ባለፋሻው እጃቸው ራሱ ወደ በረዶው ሳጥን ሄደ። ሁለት ትሪ ማውረድ ምን አለው? ከዚያ ያቺ ልጅ ያለችው ትዝ አላቸውና እጃቸውን መለሱ። በር ላይ ወጥተው ሼፏን ጠሯት።

“አውቶቡሴ እየመጣ ነው ጋሼ። አንድ ቀን እኮ ነው።”

“እጄን ያቃጠለችኝም አንድ ቀን ናት።”

ፊቷን አጥቁራ ተመለሰች። ቀጭኑም ከጓዳ ተጠራ።

“እሱ ያወርደዋል ብዬ ነው” አለች።

“እኔ ደግሞ አውርዳዋለች ብዬ” አለ።

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ሥጋውን አወረደች፣ እሱም ደገመ፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ያመለጣትን አውቶቡስ ባለቤቱ በታክሲ ካሱ።

ከዚያ ወዲያ ጠሪ አላስፈለገም። ምሳው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መውጣት ጀመረ። አስተናጋጆቹ ይቅርታ ሲለምኑ የሚያባክኑት ጊዜ ለሥራቸው ተረፈ። የጠዋቶቹና የማታዎቹ መወቃቀስ ቀረ፤ ማን ምን እንደተረከበ ስለሚታወቅ የሚወቃቀሱበት ነገር አልነበረም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የባለቤቱ ቃል ክብደት ማግኘቱ ነው። ዘጠኝ ነገር ሲናገሩ የማይሰማቸው ሰው፣ አንዱን ይዘው ሲጸኑበት ቢያይ ማዳመጥ ጀመረ።

ወሩ አለቀ። በመጨረሻው ቀን ሼፏ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቢሯቸው ገባች። ባለቤቱ ከወንበራቸው ተነሱ።

“ስኮች አለዎት?” አለች።

“ምን?”

“ስኮች፤ የሚለጠፍበት።” በእጇ በራሷ ጽሕፈት የተጻፈ ወረቀት ይዛለች። “ያኛውን ይንቀሉት፤ አሁን ሁላችንም ለምደነዋል። ይሄ ሁለተኛው ነው።”

“ትሄጃለሽ ብዬ ነበር።”

“የሰለቸኝ ሥራው አልነበረም ጋሼ፤ ስብሰባው ነው።”

ባለቤቱ ከመሳቢያቸው ስኮቹን አውጥተው ሰጧት። “እሺ፣ ምንድን ነው የሚለው?”

“ቢላዎቹ። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ እኔ እቆጥራለሁ፣ ቀጭኑ ይረከባል፤ የደነዘዘው ለብቻው ይቀመጣል።”

“ጥሩ ነው” አሉ ባለቤቱ።

ሼፏ ግን አልወጣችም። ስኮቹን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

“ይድገሙልኛ” አለች።

ባለቤቱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ቃል ሳያጎድሉ ደገሙላት።