ገመናና ፈንጣጣ

በ፲፱፻፷፰ ዓ.ም. የበልግ ወራት፣ የአርሲ ነገሌው እህል ነጋዴ አቶ አብተው ስንዴያቸውን ናዝሬት አራግፈው ሲመለሱ፣ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ጎማ ቆቃ ላይ ተነፈሰ። መንገደኛው ሲበተን እሳቸው ብቻቸውን አንዲት ግራር ሥር ተቀመጡ። ሰው ማየት ካስጠላቸው ሰንብቷል። የልጃቸውን ልጅ ከቀበሩ ወር ቢሆን ነው፤ ለቀስተኛውንም «ምች መታው» ብለው ሸኝተውታል። የገደለው ግን ፈንጣጣ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሽ አብተው?»

ቀና ቢሉ የጎረቤታቸው የጆቴ ልጅ ሁንዴ ነው። ተምሮ ጤና ረዳት ሆኗል። ከአንድ ጃፓናዊ ሐኪም ጋር ላንድሮቨር አቁመው፣ ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ሥዕል እያሳዩ «እንዲህ ያለ በሽተኛ አይታችኋል?» እያሉ መንገደኛውን ይጠይቃሉ። ሽማግሌው ሥዕሉን አየት አድርገው ፊታቸውን አዞሩ። በወጉ ስለ አባቱ ጤና ጠየቁት፤ ከዚያ ግን ሆዳቸው አልችል አለ።

«ልጄ፣ አባትህ ገመና ሸፋኝ ሰው ነው፤ አንተ የአገርህን ገመና ለባዕድ ታስጎበኛለህ። ፈንጣጣ ከዓለም ጠፍቶ እኛ ዘንድ ቀረ እየተባለ ነው። ይህን ሰምቶ አንገቱን የማይደፋ ኢትዮጵያዊ አለ? ደግሞም ከፀሐይ የመጣ እንግዳ በበሽተኛ ላይ ጥላ ጥሎ በሽታውን ያብሳል። የኛን በሽታ ለኛ ተዉልን።»

ሁንዴ በትሕትና ጎንበስ ብሎ መለሰ። «ጋሼ፣ እኔም አገሬን እወዳለሁ። ይህ ሰው አገሩ ፈንጣጣ ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጆቹን ትቶ በኛ አቧራ የሚንከራተተው፣ እዚህ አንድ በሽተኛ እስካለ የሱም ልጆች እንደማይድኑ ስለገባው ነው። አሜሪካንና ሩሲያ እንኳ በሌላው ሁሉ ዓይንና ናጫ ሆነው ሳለ ለዚህ ክትባት ተባብረዋል። የታመመ ወገንን መደበቅ አገር መውደድ ከሆነ፣ አገር መጥላት ምን ሊባል ነው?»

አቶ አብተው ግን አልተረቱም። ኩሩ ሰው አፉን ስለተያዘ ብቻ መቼ ይሸነፋል!

ሁንዴም የዕለቱን ጭንቀቱን አጫወታቸው። ሻሸመኔ መናኸሪያ ቆሎ የምትሸጥ መሰለች የምትባል መበለት ወንድ ልጇ በፈንጣጣ ሞቶባታል። አንዲት ሴት ልጅ ቀርታታለች፤ እሷንም አላስከትብም ብላ ደጇን ዘግታለች። በሽታው ከየት እንደመጣ ቢጠይቋት፣ ነገሌ ገብስ ልትገዛ ሄዳ ሳለች አንድ ደግ ሰው ለነፍስ ይሁን ብሎ ለልጇ የሟች ሹራብ እንደሰጣት ብቻ ነገረቻቸው።

«የሰውዬውን ስም ግን አትናገርም» አለ ሁንዴ። «‹የቸረኝን ሰው አላሳማም› ትላለች። ያ ቤት ካልተገኘ ደግሞ ነገ ማን እንደሚቀበር አናውቅም።»

ሽማግሌው ከግራሩ ሥር ብድግ አሉ። ሹራቡን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በገዛ እጃቸው ነበር የሰጡት፤ የልጅ ልጃቸው ነፍስ እንድትማር።

«ያ ደግ ሰው እኔ ነኝ» አሉ። «የልጅ ልጄን የገደለው ፈንጣጣ ነው፤ ቤት ውስጥ ገና የምትጠባ እህቱ አለች።»

ያን ዕለት በላንድሮቨሩ ነገሌ ገቡ። ጃፓናዊው ከፀሐይ እንደመጣ እልፍኛቸው ገብቶ ሕፃኗን ከተባት፤ ምንም አልሆነችም። ጎረቤቶች ግን አብተው ቀደም ሲል «በሽተኛችሁን ለባዕድ አታሳዩ» ያሏቸውን ምክር ሰምተው ሁለት በሽተኛ ልጆች በየጓዳቸው ደብቀው ኖሯል። ሽማግሌው በየደጁ እየዞሩ ያንኑ ምክራቸውን ሻሩ። የታመመው ለብቻው ቢቀመጥ፣ ጤነኛው ቢከተብ፣ የሟች ልብስ ቢቃጠል ቀብር እንደሚቀንስ አስረዱ። አገር የሚከበረው በሽታን በመሸሸግ ሳይሆን ለጎረቤት ባለማውረስ ነው፣ ጎረቤትም ማለት ነገሌ ብቻ ሳይሆን ጃፓንም ጭምር ነው አሉ። ሰዎቹም ክንዳቸውን ሰጡ። የቀረው ሻሸመኔ ነበር።

መሰለች አቶ አብተውን ስታይ በሩን ከፈተችና እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እጃቸውን ሸሸጉ።

«አትሳሚኝ፣ ልጄ። ሹራቡ የፈንጣጣ ነበር። በሽታውን አውቄ ደብቄያለሁ። ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ መደብ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሳቸውም ቆመው አለቀሱ። ብዙ ቆይታ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ልጅቱን ወደ ሁንዴ ገፋ አደረገቻት።

«ይክተቧት» አለች። ወደ አቶ አብተው ግን ዞር ብላ አላየችም።